ጃርቱና ሰባተኛው በር

በዚህ ዓለም ላይ «ችኩሌ» ብሎ የጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አሁን ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንገቱን ደፍቶ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ይጎረጉራል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ችኩሌ የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ከፋርማሲው ወጥታ መጥታለች። አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ በደረቷ ታቅፋ የጥገና ሱቁ ደፍ ላይ ቆማለች፤ የማጫወቻው ገመድ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ተከትሏታል። እሱ ወደ ከተማው ከተመለሰ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ፊት በመኪና ባለፈች ቁጥር ፊቷን ስታዞር የኖረች ሴት፣ ዛሬ ግን አንገቷ አልታዘዝም አላት።

«ይህን ትጠግናለህ?» አለች፤ ሰላምታ መስጠቱ ጠፍቶባት።

ጠጋኙ ዞረ። አያት። ካቻቢቴውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ከዚያ ፊቱን ሰብሰብ አደረገና፣ «ይቀመጡ» አላት።

ይቀመጡ! አንድ ሪሞት እየተነጣጠቁ አብሯት ያደገው ልጅ እርስዎ አላት። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«መቀመጥ አልፈልግም። ለነገ እንዲደርስልኝ ነው የምፈልገው።»

«ይህ ዕቃ እኮ ጊዜው አልፏል። አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ። ሌላ ቢገዙ ይሻላል።»

«ሌላ አልፈልግም አልኩህ!»

«አላሉኝም።»

«እንግዲያው አሁን አልኩህ!»

ከውስጠኛው ክፍል የሽማግሌ ሳል ተሰማ። የጠጋኙ አባት ናቸው፤ ሲስቁ ሳል ያስመስሉታል። ጠጋኙ ግን አልሳቀም። ማጫወቻውን ተቀበላትና ባንኮኒው ላይ አጋድሞ አቧራውን በመዳፉ ጠረገው።

«እናቴ የኋላውን ክፍል እያስጠረገች ነው» አለች። «እሁድ እንግዳ አለብን። ይህን ከሚጣለው ክምር ውስጥ ነው ያወጣሁት።»

«ሰምቻለሁ። የመድኃኒት አስመጪው ቤተሰቦች። ሊያጩዎት። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ደስ አላለኝም» አለች። ለእናቷ፣ ለጓደኞቿ፣ ለራሷም ያልተናገረችውን ነገር ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ጠጋኙ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። እሷም ደንግጣ እጇን ወደ ጋዋኗ ኪስ ሰደደች፤ ዲስኩን አወጣች። በነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ በላዩ «ጃርቱ» የሚል ጽሕፈት አለበት፤ የአባቱ ጽሕፈት ነው።

«በዚሁ ሞክረው» አለችው።

ወረቀቱን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው። ደግሞ አየው።

«ሽፋኑስ?»

«የምን ሽፋን?»

«ፕላስቲኩ ነዋ። ጃርቱ ፋኖስ ይዞ የቆመበት። ከዲስኩ ጋር የመጣው።»

«ሽፋን የሚባል ነገር አልመጣም። ያኔ ሹፌራችን በዚችው ወረቀት ነው ያመጣልኝ። ምነው?»

ጠጋኙ ለእሷ ባቀረበላት ወንበር ላይ ራሱ ዘጭ አለ። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ» አላት፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ችኩሌ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን እንደዘጋች እንባዋ መጣ። ያስለቀሳት እሁድ አይደለም፤ እናቷም አይደለችም። ያ «ይምጡ» የሚለው ቃል ነው ያንገበገባት።

•

ያ ሱቅ ድሮ ፊልም ማከራያ ነበር። አባትየው መደርደሪያው ላይ ባዶ ሽፋኖችን ይደረድራሉ፤ ዲስኮቹን ግን ከባንኮኒው ጀርባ በጫማ ካርቶን ውስጥ ቁጥር ሰጥተው ያስቀምጣሉ። ልጃቸው ኪሱ ውስጥ ሪሞት የማይጠፋ ልጅ ስለነበር ሰፈሩ «ሪሞት» ይለዋል። ችኩሌ ደግሞ የሦስት ፋርማሲ ባለቤት የሆኑት የወይዘሮዋ አንድ ልጅ ነች። ግንብ አጥራቸው ከፊልም ቤቱ ጣሪያ በላይ ይታያል።

ሁለቱን ያገናኛቸው ጃርቱ ነው። ፋኖስ ይዞ የጠፉ እንስሳትን ወደየቤታቸው የሚመራ ጃርት፤ ችኩሌ ከሱቁ የምትከራየው የካርቱን ፊልም ነው። ፊልሙን ሁለቴ ብቻ ነው ያዩት። ዲስኩ ሲከፈት ከሚመጣው ዝርዝር መጨረሻ፣ ትልቅ ሰው በማይደርስበት ገጽ ላይ የተሸሸገውን ጨዋታ ግን ስንቴ እንደተጫወቱት እግዜር ይቁጠረው። ጃርቱ ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ሦስት በሮች ይቀርቡለታል፤ በቀስቱ አንዱን መርጠህ ትጫናለህ። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ይላል። ማጫወቻው ሆዱ ውስጥ ያጉረመርማል። አምስት ሰከንድ ያህል ከጠበቅክ በኋላ ወይ ፋኖሱ ይበራል፣ ወይ የሌሊት ወፍ እየተንጫጫ ይወጣብሃል። ፋኖሱ ከበራ ወደ ቀጣዩ በር ታልፋለህ፤ ሰባተኛው የመጨረሻው ነው። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። ዛሬ በጣቱ ነክቶት ወዲያው ካልታዘዘለት ስልኩን የሚወረውር ሰው ይህ ምን ደስታ እንዳለው አይገባውም። አይግባው!

ደስታው ጥቁሩ ላይ ነበር። ስክሪኑ ሲጠቁር መስታወት ይሆናል። ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅና የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ እዚያ ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዞር ብሎ መተያየት ያሳፍራል፤ በስክሪኑ ውስጥ ግን ማን ይከሳቸዋል? «ተበላሸ እንዴ?» ትላለች እሷ፣ ለነገሩ ያህል። «አልተበላሸም፤ እያሰበ ነው» ይላል እሱ። እሷ ቀስቱ ሳይደርስ ስለምትጫን ነው ችኩሌ ያላት።

ወደ ቤታቸው የሚገባው ገመድ ሊያስተካክል ነው። ከማጫወቻው ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄዱ ሦስት ገመዶች ነበሩ፤ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ። ቢጫዋ በየሳምንቱ ትወልቃለች፤ ስትወልቅ ምስሉ ይጠፋል፤ ምስሉ ሲጠፋ ሪሞት ይጠራል። ዲስኩ ጭረት ስለነበረበት ጨዋታው ሁልጊዜ ሰባተኛው በር ላይ ይነክሳል። ጥቁር እንዳለ ይቀራል። ሰባተኛው በር ምን እንዳለው አንድም ቀን አላዩም።

አንድ ከሰዓት እንዲሁ ጥቁሩ ውስጥ ሲተያዩ፣ ከኋላቸው ሦስተኛ ፊት ታየ። ወይዘሮዋ ናቸው። ሁሉንም አይተዋል። «ውጣ» አሉት። ልጁ ሪሞቱን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ችኩሌ አንገቷን ደፋች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህንንም ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮዋ ዲስኩን ገዙት፤ ልጃቸው ወደ ፊልም ቤቱ የምትሄድበት ሰበብ እንዳይኖራት። ቅዳሜ ሪሞት ከተማውን ለቆ ሄደ። ቻው እንኳ አላላትም። እሷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ያቄመችውም በዚሁ ነው።

•

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ከባንኮኒው ጀርባ ያገኘችው አባትየውን ነው።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። «በይ መጀመሪያ እኔን ስደቢኝ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እንሄዳለን።»

«ምን አድርገውኝ ነው የምሰድብዎ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ከባንኮኒው ሥር አንድ የፕላስቲክ ሽፋን አወጡ። ጃርቱ ፋኖሱን ይዞ ቆሟል፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለበላው ሰማያዊ ጃርት ሆኗል።

«ትናንት እንደወጣሽ ያለኝን ካርቶን ሁሉ ዘረገፈብኝ። ያኔ እናትሽ ሲገዙት 'አባዬ፣ ከነሽፋኑ ስጣቸው' ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት። ሹፌራችሁ ሲመጣ ግን መደርደሪያዬን አየሁት። መሀል ለመሀል ሊሸነቆር ነው! ሽንቁር ያለበትን መደርደሪያ ያየ ሰው ሱቁ ሊዘጋ ነው ይላል፤ እኛ ባለፊልሞች ደግሞ ከምንም በላይ የምንፈራው ይህንን ነበር። ዲስኩን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁትና ሽፋኑን ቦታው መለስኩት። የሌለኝን ፊልም ዓመታት አሳየሁበት። ሰው ሲጠይቀኝ 'ተከራይቷል' እላለሁ።»

ችኩሌ ሳቀች። «ታዲያ ይህ ምን ያሰድባል?»

«ውስጡን እዪዋ» አሉ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከሥዕሉ ጀርባ፣ በፕላስቲኩና በወረቀቱ መካከል፣ ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ታጥፎ ተቀምጧል። ጽሕፈቱን ከሩቅ አወቀችው።

«ችኩሌ፣

እናትሽ ጃርቱን ገዙት። ከእንግዲህ አንቺም ወደ ሱቃችን የምትመጪበት፣ እኔም ወደ ቤታችሁ የምመጣበት ሰበብ የለንም። ነገ ቅዳሜ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። የዲስኩን ጭረት ማጥፋት እችል ነበር። በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ለስንቱ ደንበኛ አጥፍቻለሁ። የአንቺን የተውኩት፣ ሰባተኛው በር ከተከፈተ ጨዋታው ያልቃል፣ ጨዋታው ካለቀ አትመጪም ብዬ ነው። አታላይ ብትዪኝ ልክ ነሽ።

እወድሻለሁ። ጥቁሩ ላይ አይተሽው ይሆናል፤ በአፌ ግን ነግሬሽ አላውቅም። አንቺም ከወደድሽኝ መናኸሪያ ድረስ ነይ። ምንም አትበዪ፤ መምጣትሽ ይበቃኛል። ካልመጣሽ መልሱ ይገባኛል። ዳግም አላስቸግርሽም።

ሪሞት»

ሁለተኛ ልታነበው ስትሞክር ፊደሎቹ ተምታቱባት። ቀና ስትል ጠጋኙ የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆሟል። ስንት ጊዜ እንደቆየ አታውቅም።

«ስንት አውቶቡስ አሳለፍክ?» አለችው።

«ሦስት። አራተኛው ላይ አባዬ ገፍቶ አሳፈረኝ።»

«እኔማ ትምህርቱን ፈርቶ መስሎኝ!» አሉ ሽማግሌው፤ ይህን ብለው መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ ውስጥ ገቡ።

«እኔ ያን ቀን መስኮት ላይ ነበርኩ» አለች ችኩሌ። «ልጆቹ ሪሞት ሄደ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ቃል ሳይለኝ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ ብዬ ረገምኩህ። ስወድህ ኖሬ እኮ ነው የረገምኩህ!»

«እኔ ደግሞ አንብባ ናቀችኝ ብዬ…»

«ለዚህ ነው ትናንት እርስዎ ስትለኝ የነበረው?»

«ሌላ ምን መከላከያ ነበረኝ?»

«ዛሬስ?»

ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። «ዛሬማ ምንም የለኝም» አላት። «ችኩሌ።»

ስሟን ስትሰማ ውስጧ የታሰረ አንድ ነገር ተፈታ። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና በዚያው ሳቀች።

«እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ። ቢጫዋ ገመድ በራሷ ወልቃ አታውቅም። እኔ ነኝ የምነቅላት።»

«አውቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እየጠበቀ የሚወልቅ ገመድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።»

•

ማጫወቻው ተሠርቶ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ተገጥሟል። ዲስኩ በጥርስ ሳሙና ተወልውሎ ያብረቀርቃል። በሁለት ዱካ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሪሞቱን እሷ ያዘች። አንደኛው በር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ የሌሊት ወፏ ወጣችባቸውና እንደ ድሮው አብረው ጮኹ። ጣቷ ጨዋታውን አልረሳውም። ስድስተኛውን አለፉ። ሰባተኛው ላይ የመሀሉን መረጠች፤ ተጫነች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ማጫወቻው አጉረመረመ። አምስት ሰከንድ አለፈ፤ አሥር አለፈ። ከሁለቱ ፊት በላይ ሦስተኛ ፊት ታየ።

ወይዘሮዋ ናቸው። መኪናቸው ደጅ ቆሟል፤ ማጫወቻው የት እንደገባ የጠየቁት ሹፌር፣ ልጅቷ ይዛው ወደዚህ ሱቅ ስትገባ ማየቱን ነግሯቸዋል።

«ተነሺ» አሉ። «ነገ እንግዳ የሚመጣላት ልጅ ለቆሻሻ የወጣ ዕቃ ታቅፋ የፊልም አከራይ ልጅ ጋ ትቀመጣለች?»

ያ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ችኩሌ ፍርሃት ሳይጎድል ሳይሸራረፍ መጣ፤ አንገቷ መታጠፍ ጀመረ። ጀመረ እንጂ አልታጠፈም። ወደ ኋላ ሳትዞር የእናቷን ዓይን ጥቁሩ ላይ ፈልጋ አገኘችው።

«አልነሳም፣ እማዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አልነሳም። ጨዋታዬን አልጨረስኩም።»

«ጨዋታ!» ወይዘሮዋ ወደ ጠጋኙ ዞሩ። «አንተ፣ ይህን ነገር አጥፋና ውጣ።»

ጠጋኙ ተነሣ። ያን ቀን ሪሞቱን አስቀምጦ የወጣው ልጅ በችኩሌ ዓይን ላይ መጣ። እሱ ግን የትም አልሄደም።

«እትዬ» አለ በዝግታ፣ «ያን ቀን ሲያስወጡኝ ቤቱ የእርስዎ ነበር፤ ወጣሁ። ይህ ሱቅ የእኔ ነው፤ አልወጣም። እርስዎ ግን ይቀመጡ፤ ወንበር አለ።»

ወይዘሮዋ ወንበሩን አላዩትም። «የስድስት ወር ንግግር በአንድ ጃርት ልታፈርሺ ነው?» አሉ ልጃቸውን።

«በጃርት አይደለም። የአስመጪው ልጅ ክፋት የለውም፤ ልዋሸው የማልፈልገውም ለዚህ ነው። ይምጡ። በሩን እኔው እከፍትላቸዋለሁ። አክብሬ አስቀምጣቸውና ሰው አለኝ እላቸዋለሁ።»

«ልታዋርጂኝ!»

«አላዋርድሽም፣ እማዬ። እወድሻለሁ። አንገቴን ግን አልደፋም። አንዴ ደፍቼልሽ አሥራ አንድ ዓመት ወስዶብኛል።»

«እንግዲያው የፋርማሲዬን ቁልፍ አስቀምጪ።»

ይህን አልጠበቀችም። አምስት ዓመት በየጠዋቱ የከፈተችው በር፣ በስማቸው የምታውቃቸው በሽተኞች፣ ሁሉም በዚያ ቁልፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው። እጇን ወደ ጋዋኗ ኪስ ሰደደች፤ ቁልፉን አወጣችና ተነሥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ቁልፉ ያንቺ ነው» አለች። «ሙያው ግን የእኔ ነው። ሰውዬውም የእኔ ነው።»

ወይዘሮዋ ቁልፉን አዩት፤ ልጃቸውን አዩዋት። እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አይተዋት አያውቁም ነበር። ቁልፉንም አላነሡትም። መሄጃ ሲያጡ ወደ ጥቁሩ ስክሪን አመለከቱ።

«ይሄ ደግሞ ተበላሽቷል» አሉ።

«አልተበላሸም» አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ። «እያሰበ ነው።»

የወይዘሮዋ ጫማ ድምፅ ከደጁ እየራቀ ሄደ። የመኪና በር ተዘጋ። ሞተሩ ግን ቶሎ አልተነሣም፤ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቆየ። ችኩሌ ዱካው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ነገ ከባድ ቀን ነው፤ ታውቃለች። ግን የምትፈራው ነገር ከደረቷ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠ ይመስል ቀለል አላት።

«ዲስኩን ላውጣውና ደግሜ ልወልውለው?» አላት።

«ተወው። ይሰብ። አልቸኩልም።»

ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ፊት ብቻ ቀርቷል። ከኋላቸው ማንም የለም። ችኩሌ እዚያ ውስጥ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ስክሪኑን ትታ ዞረችና ፊት ለፊት አየችው። ከቅርብ ሲታይ ቅንድቡ መሀል ትንሽ ጠባሳ አለው፤ አንድም ቀን አላወቀችውም ነበር። እሱም ዓይኑን አልሸሸባትም። ማጫወቻው አጉረመረመ።

«እናንተ ልጆች!» ሽማግሌው ከውስጠኛው በር ጮኹ። «ኧረ ተከፈተ! ጃርቱ እየጨፈረ ነው እኮ!»

አልሰሟቸውም። ሰባተኛው በር ምን እንዳለው ያዩት አባትየው ብቻ ናቸው።